ከሃክኒ እስከ እትዬ ጽጌ ዲሽ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሃክኒ

ከቤት የወጣሁት የእትዬ ጽጌን ዲሽ ለመጠገን ነው። እሳቸው የሚኖሩት በደቡብ ለንደን፣ ኬኒንግተን ነው። ከእኔ ሰፈር ከሃክኒ ሲደላ ሃምሳ ደቂቃ ይበቃል። በእጄ የነበረኝ ሦስት ሰዓት ነው። ልክ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አገር ቤት ያለ አንድ ገዳም ዓመታዊ በዓሉን በቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፋል። እትዬ ጽጌም ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያላዩዋቸውን ታናሽ እህታቸውን የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።

እህትየው እማሆይ ከመነኮሱ ወዲህ ስልክ አይዙም፣ ፎቶም አይነሱም። ባለፈው ወር ከገዳሙ አንድ ዲያቆን ለእትዬ ጽጌ ደውሎ፣ "እማሆይ ከታቦቱ ኋላ ጧፍ ይዘው ከመነኮሳይያቱ ጋር ይወጣሉ። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ለከርሞ መቆማቸውን እንጃ" አላቸው። ጣቢያው በኢንተርኔት የሚለቀው ከቀናት በኋላ፣ ያውም አሳጥሮ ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ ዲሹ ብቻ ነው። ዲሹ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ሲግናል የለም" ከማለት በቀር ምንም አላሳየም።

የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ የዛሬ አምስት ዓመት። አሁን አውቶቡስ ብነዳም አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ ዲሽ መስቀል ነበር። ከመርካቶ እስከ ሳሪስ ያልወጣሁበት ጣሪያ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። በዚህ እኮራለሁ። ይህ ኩራቴ ምን እንዳደረገ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

እትዬ ጽጌ መጀመሪያ ሲደውሉልኝ ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር በስልክ ነው ያከምኩት። ሪሲቨሩን ነቅለው እንዲሰኩት ነገርኳቸው፣ አልሆነም። "ከእርስዎ በላይ ባለው በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ?" ስላቸው፣ የአበባ ቅርጫት አለ አሉኝ። ሳላይ ፈረድኩ፦ "እሱ ነው የጋረደው። ያንሱልዎት።" ባለአበባው ሚስተር ዴዝሞንድ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። እትዬ ጽጌ ቆጣ ብለው ነገሯቸው፣ ሰውየውም አነሱ። ሲግናሉ ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አዛውንቶች ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ገበያው ዳር

አሁንም ሳላይ "ኬብሉ ነው" ብዬ ወስኜ ነበር። ገበያው ዳር ካለች የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አሥር ሜትር ኬብልና የኬብሉን ጫፍ ማሰሪያዎች በዘጠኝ ፓውንድ ገዛሁ። ባለሱቁ አንድ ኤል ኤን ቢ ከመደርደሪያ አወረደልኝ። ኤል ኤን ቢ ከዲሹ ሳህን ፊት ለፊት፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሳተላይት የመጣውን ለኬብሉ የምታቀብለው ዕቃ ናት።

"ስምንት ፓውንድ ብቻ ነው፣ ለማንኛውም ያዘው" አለኝ።

ሳቅኩበት። የእትዬ ጽጌን ኤል ኤን ቢ ዝናብ እንዳይነካት በፌስታል ጠቅልዬ፣ አንገቷ ላይ በፕላስተር ግጥም አድርጌ አስሬያታለሁ። አዲስ አበባ ሁላችንም የምናደርገው ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ደንበኞቼ ይመርቁኝ ነበር። "እሷ ምንም አትሆንም፣ በገዛ እጄ ነው ያሰርኳት" ብዬው ወጣሁ።

አራት ሰዓት ከሃያ፣ ድልድዩ ላይ

ባቡሩ ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር በአውቶቡስ ሄድኩ። እስከ ለንደን ድልድይ ደህና መጣን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ግን መኪናው ሁሉ ቆመ። የምነዳው አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪ ለምን እንደሚነጫነጭ አይገባኝም ነበር። ዛሬ ገባኝ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ከታች ወንዙ ደፍርሶ ይሄዳል፣ እኛ ካለንበት ንቅንቅ አላልንም። ወደ ሾፌሩ ሄጄ እኔም ሾፌር መሆኔን ነግሬ፣ በሩን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት።

"ብትሆን ኖሮ እዚህ እንደማልከፍት ታውቅ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም አልከፍትም ነበር።

ስልኬ ጮኸ።

"የት ደረስክ የኔ ልጅ?"

"ድልድዩ ላይ ነኝ፣ እትዬ። ደረስኩ።"

"እኔ ነጭ ለብሼ ቁጭ ብያለሁ" አሉኝ። እህታቸው እንደማያዩዋቸው ያውቃሉ። ቢሆንም ለብሰዋል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ፌርማታ ላይ ሲከፈትልኝ ዘልዬ ወረድኩና የኬብሉን ጥቅል ትከሻዬ ላይ አንግቤ ሮጥኩ። ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ትንሽ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት። ቁርስ አልበላሁም። የጥብስ ዓሣ ቤቶቹ ሽታ ቢጠራኝም አልቆምኩም።

አምስት ሰዓት ከአምስት፣ ኬኒንግተን

እትዬ ጽጌ ያሉበት ሕንፃ ቀይ ሸክላ ነው፣ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ደረጃው ላይ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ ኬብሌን አይተው ቆሙ።

"አበባዬ ይነሳ ያለው ባለሙያ አንተ ነህ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"እኔ ኬብል ለመቀየር ነው የመጣሁት" አልኩና አልፌያቸው ወጣሁ። መልስ አይባልም፣ ሽሽት ነው።

እትዬ ጽጌ በሩን ከፍተው ጠበቁኝ። ሻይና ዳቦ አቅርበዋል፣ ማን ይቀምሰዋል! በረንዳው ላይ ወጥቼ አሮጌውን ኬብል በጥሼ አዲሱን ዘረጋሁ። እጄ ፈጥኖ ይሠራል፣ ልቤ ግን ሰዓቱን ይቆጥራል።

"መጣ?" ብዬ ጮህኩ።

"አልመጣም!"

ሳህኑን የመርፌ ጫፍ ያህል ወደ ምሥራቅ ገፋሁት። "አሁንስ?"

"ያው ነው! አከራዬ ካውንስሉ ቤቱን ሲያድስ ነክቶት ይሆን? እስቲ ደህና አድርገህ ቼክ አድርገው!"

አዲስ አበባ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ደጅ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ጋ ሆኖ "መጣ፣ አልመጣም" ስንባባል ሰፈር ይሰማ ነበር፣ እንስቅ ነበር። ዛሬ የሚያስቅ ነገር የለም። አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

የቀረችው ኤል ኤን ቢ ብቻ ናት። እጄን ሰድጄ ከሥር ስደግፋት ከበደችኝ። ፌስታሉ እንደ ሞላ ኮዳ ተወጥሯል። ፕላስተሩን በጥርሴ ስቀደው አረንጓዴ ውሃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። አዲስ አበባ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ወጥታ ሁሉን ታደርቃለች። እዚህ ጤዛው ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ግጥም ተደርጎ ከታሰረ መውጫ የለውም። አምስት ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ኖሮ ኬብሉ የሚገባበትን ጫፍ አዝጎታል። ያቺን ዕቃ ያፈናት አበባ አይደለም፣ ኬብልም አይደለም፣ እኔ ነኝ። አፈርኩ። የስምንት ፓውንዷ ኤል ኤን ቢ ሃክኒ መደርደሪያ ላይ ናት።

"እትዬ፣ የፀጉር ማድረቂያ አለዎት?"

"አሁን ፀጉርህን ልትሠራ ነው?" አሉ፣ ግን ሮጠው አመጡ።

ዝገቱን በቢላ ፋቅሁ፣ በሙቅ አየር አደረቅኋት፣ አዲሱን ኬብል ገጠምኩ። መልሼ ክንዱ ላይ ላስራት ስል ፀሐይና ብርድ ያደረቀው የፕላስቲክ ማቀፊያ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። አምስት ሰዓት ከሃያ ስምንት። ማሰሪያ ፍለጋ የምሄድበት ጊዜ የለም። ሁለት እጄን ዘርግቼ በነበረችበት ቦታ ያዝኳት።

"ቴሌቪዥኑ ላይ የሲግናሉን መስመር ቀለም ይንገሩኝ!"

"ቀይ ነው… ቀይ… ቢጫ… ኧረ ሄደ!"

በጣም ጥቂት አዞርኳት።

"አረንጓዴ! ወይኔ፣ እዚያው ላይ ቁም!"

ከበሮና እልልታ ከቤቱ ውስጥ ወጥቶ ጀርባዬን መታኝ። ፊቴ ወደ ሰማይ ነው፣ ዞሬ ማየት አልችልም። ወዲያው ማካፋት ጀመረ። ልማድ ነውና ዐይኔ መሬት ላይ የወደቀውን ፌስታል ፈለገ፣ ከዚያ ተውኩት። ክንዴ ዝሎ ሲንቀጠቀጥ ከበሮው ተቆራረጠ።

"አትንቀሳቀስ! አትተንፍስ!" አሉ እትዬ ጽጌ።

አልተነፈስኩም። ሃያ ደቂቃ ይሁን ሠላሳ አላውቅም፣ ዝናቡ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ወገቤ ወርዷል። ከዚያ እትዬ ጽጌ በቀስታ "ብርቄ" አሉ። እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት የነበረው ስማቸው ይህ መሆን አለበት። ሁለተኛ አልደገሙትም።

በረንዳው በር ተከፈተ። "በቃ፣ አውርደው እጅህን" አሉኝ። ነጠላቸው በእንባ ርሷል።

"አዩዋቸው?"

"አየኋት። ፊቷን ብቻ ቢያሳዩኝ አላውቃትም ነበር፣ እንዲያ አርጅታለች። ጧፉን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ልጅ ሆና እናታችን ግራ እጇን ስንቴ መታቻት! አሁንም በግራዋ ነው የያዘችው።"

እንዲህ ደስ ባላቸው ሰዓት ዝም ማለት ቀላል ነበር። ግን ፌስታሉን ከመሬት አንስቼ አሳየኋቸው። "እትዬ፣ ዲሹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ውሃውን ያጠራቀመው ይሄ ነው። ኬብሉም ደህና ነበር።"

ፌስታሉን አዩት፣ ከዚያ እኔን። "አበባውስ?"

"አበባው ምንም አላደረገም።"

ያልተነካውን ዳቦ በፎጣ ጠቀለሉና ወደ ደረጃው አመለከቱኝ። አራተኛ ፎቅ ሚስተር ዴዝሞንድ በር ሲከፍቱ ቅርጫቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፣ አበባው በአንድ በኩል ደርቋል። እትዬ ጽጌ በእንግሊዝኛቸው "ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ" አሉ። "እኛ" ማለታቸውን ሰማሁ፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ዳቦውን ተቀብለው ቅርጫቱን ለእኔ አቀበሉኝ። በዛለ ክንዴ መልሼ ሰቀልኩት።

አሥር ሰዓት፣ ሃክኒ

ለእትዬ ጽጌ አዲስ ኤል ኤን ቢና ማቀፊያ ከኪሴ ገዝቼ ሰኞ እንደምመለስ ነግሬያቸው ቤቴ ገባሁ። ልብሴን ሳልቀይር ወደ በረንዳዬ ወጣሁ። የራሴም ዲሽ ኤል ኤን ቢ ፌስታል ለብሳለች። ፕላስተሩን ስፈታ አንድ ስኒ የሚሞላ ውሃ ወረደ።

ዛሬ የተማርኩት ሳላይ መፍረድን መተው ነው። ሌላም አለ። በዚህ ከተማ ዲሽ የሰቀልኩላቸውን ሰዎች ስም ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁሉንም በፌስታል አስሬያለሁ። መጀመሪያ ክላፋም ያሉት ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። አምና ሲግናል ጠፋብኝ ብለውኝ ነበር። እኔም በስልክ ዛፍ እንዲያስቆርጡ መክሬያቸው፣ አስቆርጠዋል።