ስድስት ድምፅ አለው የተባለው ሲንተሳይዘር

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከልጄ ከሰላም ጋር ሲንተሳይዘር ልንገዛ ወጣን... እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ገበያ በርበሬ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሲንተሳይዘር ማለት ያው ኪቦርድ ነው፤ ድምፁን ግን ተጫዋቹ ራሱ እያጠማዘዘ ይሠራዋል።

ሰላም በሰርግ ባንድ ውስጥ ትጫወታለች። የድሮዋ ኪቦርዷ ተበላሸችባት። የባንዱ አለቃ ደግሞ ለሰው የማይራራ ነው፤ «እስከ ቅዳሜ ብዙ ድምፅ ባንዴ የሚያወጣ ይዘሽ ካልመጣሽ ሌላ ሰው አለኝ» ብሏታል።

መንገድ ላይ አስረዳችኝ። «እማዬ፣ ውስጡ ዘማሪዎች ተደርድረዋል ብለሽ አስቢ። ስድስት ድምፅ ካለው ስድስት ዘማሪ ነው። ቁልፍ በነካሽ ቁጥር ተራ በተራ አንድ አንድ እያሉ ይዘምራሉ። ስድስት ጣት ባንዴ ካሳረፍሽ ደግሞ ስድስቱም አብረው።»

«ላንቺ ስንት ይበቃሻል?»

«አራትም ይበቃኛል። ስድስት ቢሆን ግን የአለቃዬን አፍ ይዘጋልኛል።»

ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ባለቤቱ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ለሰላምታዬ አገጩን ብቻ ነቀነቀ።

«እማማ፣ የድስት ሱቅ ቀጥሎ ነው።»

«የመጣነው ለሲንተሳይዘር ነው። ደግሞ እማማ አትበለኝ፤ ብበልጥህ በአምስት ዓመት ነው።»

ሁለት ነበሩት። አንዱ ትልቅ ነው፤ ስድስት ድምፅ አለው፣ የሠሩትን ድምፅ መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ማጠማዘዣው ብዛቱ... ሌላው ትንሽ ነው፤ ባለ አራት ድምፅ፣ አይመዘግብም፣ አንዱ ማጠማዘዣው የወለቀ፤ መሬት ላይ ተጥሎ አቧራ ለብሷል።

«ያንን ተዪው፣ መጫወቻ ነው» አላትና በትልቁ ላይ በአንድ ጣቱ ዜማ አንቆረቆረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውነቴን ወረረኝ። የሚነካው አንድ ጣት ነው፤ የሚወጣው ግን የማኅሌት ያህል ወፍራም። ሰላም ዓይኗ እንባ አቀረረ። የኔም እጅ ሳላውቀው ብሩ ወደተቋጠረበት መቀነቴ ሄደ።

መቀነቴን ስነካ ነው ሥራዬ ትዝ ያለኝ። በርበሬ ከጆንያው አፍ ታይቶ አይገዛም። ላይ ላዩን ሁሉም ቀይ ነው። እጅን እስከ ክርን አስገብቶ ከሥሩ ማውጣት ነው። የኛ ዘፈን ደግሞ በአንድ ጣት ያምራል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ማንም ሁለተኛ ጣት አይጨምርም። ይሄን ሰውዬው አሳምሮ ያውቃል።

ሁለት ቁልፍ ላይ ሁለት ጣት አሳረፍኩ። አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ።

«ስድስት አልነበር ያልከው?»

«እጅዎን ያንሱልኝ እማማ፣ በበርበሬ ያበላሹብኛል።»

ሰላም ጎንበስ ብላ ስታይ ፕላስተር የተለጠፈበት ማብሪያ አገኘች። ዘማሪዎቹን በሙሉ በአንድ ቁልፍ ላይ የሚያስጮህ ነው። ለካ ለዚያ ነው ድምፁ እንደዚያ የወፈረው... ፕላስተሩን ልጣ አጠፋችው።

አባቴ እህል ሲሰፍር «አንድ» አይልም፣ «በረከት» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም እንደሱ አንዱን ቁልፍ እየደጋገምኩ ቆጠርኩ። «በረከት... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት...» ስድስተኛው ላይ ዝም። ደገምኩ። ስድስተኛው ላይ ዝም። ሦስተኛ ዙርም ያው።

«አንዱ ዘማሪ ሞቷል» አለች ሰላም።

«ቢሞትስ? አምስቱ ይሠሩ የለም እንዴ?»

«የስድስት ጣሳ በርበሬ ከፍለህ አምስት ብሰፍርልህ ዝም ትለኛለህ?»

«ውጡልኝ። ነጋዴ ሁሉ ደግሞ ሙዚቃ አዋቂ ሆነ።»

ሰላም ክንዴን ያዘች። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። በማርቆስ ሌላውን ሱቅ ሁሉ አዳርሰናል፤ የለም።

«ያንን ትንሹን አውጣው» አልኩት።

«ለናንተ አልሸጥም።»

እሺ ብዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ደረጃው የመንግሥት ነው፣ ያንተ አይደለም አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሰዎች ከአማኑኤል ከተማ ትልቁን ሊገዙ መጡ። እኔ ክፉ ቃል አልተናገርኩም። «ያንን ማብሪያ አጥፉና አንዱን ቁልፍ ስድስት ጊዜ ንኩት» ብቻ ነው ያልኳቸው። ነኩት። እርስ በርስ ተያዩና ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ሰውዬው ፊቱ የበርበሬ ዛላ መሰለ። ትንሹን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ወረወረው። «ውሰዱና ከደጄ ጥፉ።»

እኔ አልቸኮልኩም። ሰላም እንደነገረችኝ እንዲህ ያለ አናሎግ የሚባል ዕቃ ሳይሞቅ ድምፁ ከቃናው ይንሸራተታል፤ ያኛውን ትልቁን ከማለዳ ጀምሮ አብርቶ አሙቆት ነበር። ይሄኛውን ግን በቀዝቃዛው አስነስተን አሥር ዙር ቆጠርኩ። አራቱም ተራቸውን ጠብቀው መጡ፣ አንድም የቀረ የለም። ድምፁ ቀጭን ነው፣ የሠራችውንም ደብተር ላይ መጻፍ ይኖርባታል። ግን በአንድ እጇ ትሸከመዋለች። ዋጋውን ከመቀነቴ ፈትቼ ቆጠርኩለት።

ስንወጣ «ሁለተኛ እንዳላይዎት» አለኝ።

«ግድ የለህም፣ አንተንም እስከ ሥርህ አይቼሃለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ ጉንደ ወይን ሰርግ ነበር። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ይሄን ሳላይማ አልቀርም። የባንዱ ከበሮ መቺና ቤዝ ተጫዋች ስልካቸውን አጥፍተው ቀርተዋል። አለቃው በዚያ ተናዶ ንዴቱን የሚወጣበት ሰው ሲፈልግ ሰላምን አገኘ። አዲሱን ዕቃ በእግሩ ጫፍ እየነካካ፣ «አራት ድምፅ ብቻ? በዚህ ነው ሰርግ የምናደምቀው?» አላት።

ልጄ ገመዷን እየሰካች ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም።

«የኔዎቹ አራቱም መጥተዋል። ያንተዎቹስ?»