ካኪ የለበሰው አሠልጣኝ

ዘርአይ ሰውን አፉን ሳያስከፍት ውሸታም ማስመሰል ያውቅበት ነበር። የፊልም መብራት ሠራተኛ ነው፤ ኦሎምፒያ አካባቢ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። ከሻይ ሣጥን የተላጠ ብርማ ወረቀት ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፎ የፀሐዩን ብርሃን ወደፈለገበት ይመልሰዋል። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ እሱ ግን እንዳይሰማ፣ ይኮራል!

በ1972 ዓ.ም. ቦሌ መንገድ ላይ የብስክሌት ውድድር ፊልም ሲቀረጽ ካሜራውን የያዘው ወዳጁ ሀብቶም ነበር። በታሪኩ አሠልጣኙ ብስክሌተኛውን ልጅ «ተቀናቃኝህን ገፍተህ ጣለው» ይለዋል። «ልጁ እምቢ ሲል ፊቱ ቦግ ይበልልኝ» አለ ሀብቶም። ዘርአይ ቦግ አደረገው። የአሠልጣኙን ግማሽ ፊት በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ ማጨለሙ ግን የገዛ ራሱ ሐሳብ ነው።

ጉዱ ልብሱ ላይ ነበር። አሠልጣኙን የሚጫወተው ሰውዬ የስፖርት ቱታ ስላልተገኘለት ከቀበሌ ስብሰባ የካድሬ ካኪውን እንደለበሰ መጥቷል። በጥድፊያ ማንም ልብ አላለውም። ፊልሙን የሚመረምሩት ጓዶች ግን ወዲያው አዩት፤ ካኪ የለበሰ ሰው፣ ግማሽ ፊቱ ጨልሞ፣ ወጣቱን ክፋት ሲመክር!

ዘርአይ ተጠራ። «ይህን ጥላ ማን ነው ያዘዘው?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል! ልጆቹ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አይደል? «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው፤ ያዘዘኝ ሀብቶም ነው» አለ።

ሀብቶም ሁለት ዓመት ታሰረ። ዘርአይ አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዞ አልሄደም፤ በምን ዓይኑ ይየው? ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው ይቆጣል።

ሀብቶም በተፈታ ማግስት ከዘርአይ በር ላይ ቆመ። ከስቷል። አቅፎ ሲስመው ዘርአይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ሰማህ?» አለ ሀብቶም፤ «አንተን ለማረጋገጫ ከመጥራታቸው በፊት ጥላው የኔ ነው ብዬ ፈርሜላቸው ነበር። አንተ ልጆች አሉህ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። የፈራሁት አንተን ነው። ዘርአይ አያስችለውም፣ ሄዶ እውነቱን ያፈርጠዋል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እንኳንም ዝም አልክልኝ፣ ወንድሜ።»

ዘርአይ ዝም እንዳላለ፣ ስሙን እንደጠራ ሊነግረው አፉን ከፈተ።

«ግባ እንጂ» አለው፤ «ምን በር ላይ ያስቆምሃል?»