የሒሩት ተራ

ሒሩት የምትሠራው መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ ኩባንያ፣ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዋ ስድብ መስማት ነው ማለት ይቻላል። ድሮ ታዲያ እየጮኸ የደወለ ደንበኛ እየሳቀ ስልኩን እስኪዘጋ ድረስ በትዕግሥት ታናግር ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የሚሰጣት የአፈጻጸም ነጥብ ግን ሁልጊዜ "መካከለኛ" ነው።

ምክንያቱን የነገራት ከጎኗ የሚቀመጠው ለይኩን ነው።

"የእኛ ክፍል ምዘና እቁብ ነው እኮ፣ ሒሩትዬ! አምና ለዳርቱ ወጣ፣ ካቻምና ለእኔ። ታገሺ፣ ይደርስሻል።"

እቁብ! ያን ያህል የለፋ ሰው ተራ ይጠብቃል? በባቡር ወደ አያት ስትመለስ ፊቷ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ቂም ያዘች። "እስቲ ያዩኝ እንደሆነ አያለሁ" አለችና ሥራዋን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ስልኩ ሲጮህ ጥፍሯን ትሞርዳለች። አንድ ሰው እንዲቆጣት፣ "ሒሩት፣ ምን ነካሽ?" እንዲላት ብቻ ጠበቀች። ክረምት አለፈ፣ በጋ አለፈ። ማንም ምንም አላላት።

ሰኔ ላይ አለቃዋ አቶ ገላው ቢሯቸው ጠሯት።

"እንኳን ደስ አለሽ! ዘንድሮ አንደኛ ነሽ።"

"ምን ሠርቼ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የሠራሁትን አንድ ነገር ይጥሩልኝ። አንድ ብቻ!"

አቶ ገላው ጣሪያውን አዩ። መስኮቱንም አዩ። "ፀባይሽ ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ዓመቱን ሙሉ ስልክ አላነሳሁም! ዝቅተኛ ይስጡኝ!"

"ዝቅተኛ?" ሰውዬው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ዝቅተኛ ከሰጠሁሽ እኮ ማስረጃ አምጣ እባላለሁ። ከየት አመጣለሁ? እኔ ስትሠሪ አይቼሽ አውቃለሁ?"

ወሬው ቀድሟት ስለነበር ለይኩን በሩ ላይ ጠበቃት። "እባክሽ ሰልፉን አታበላሺብን! ቀጥሎ ተራው የክፍላችን ልጅ የቅዱስ ነው፤ ሠርግ ስላለበት ሽልማቱ ያስፈልገዋል።"

"ሠርጉን ብሉት!" አለችው።

በሳምንቱ ሽልማቱ እንጦጦ ፓርክ ተሰጠ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሆና ቁልቁል ስታይ ከተማዋ ከጉም ውስጥ ብቅ ብላለች። ያ ሁሉ ፎቅ! ያ ሁሉ መስኮት! ከየመስኮቱ ጀርባ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ስንት ሰው አለ!

ስሟ ተጠራ። ጭብጨባው ደመቀ። አቶ ገላው በፍሬም የገባውን ሰርተፍኬት አስጨበጧትና ፎቶ አንሺው "ፈገግ!" ሲል፣ ሒሩት ፍሬሙን ገልብጣ ያዘችው። ለካሜራው የታየው ቡናማ ካርቶንና ማንጠልጠያ ሽቦው ነው። አቶ ገላው ከጎኗ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ፎቶው በትልቁ ታትሞ ኩባንያው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ "የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ" ይላል። ሒሩት ጠዋት ጠዋት ስታልፍ ቆም ብላ ታየዋለች። እስካሁን ሌላ ያየው የለም።