«ተገኝተዋል»

ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና አዘጋጃችን ጋሽ በላቸው የመጀመሪያ ዜናዬን አርመው መለሱልኝ። «በስብሰባው ላይ አስተዳዳሪው መጥተው ነበር» ብዬ ነበር። ሰርዘው «ተገኝተዋል» አሉት።

«ሰው ገበያ ነው የሚመጣ» አሉኝ እየሳቁ። «ባለሥልጣን ይገኛል።»

ከዚያ ወዲያ ጎንደር ላይ ዜና ሳነብ ያችን ቃል ያላልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ ስብሰባ በዛ። ምክክር፣ የመልሶ ግንባታ ውይይት፣ የእርዳታ ርክክብ። ሁሉም ዜና «ተገኝተዋል» ይላል።

አንድ ጠዋት ጥበቃው ደውሎ «ከድብ ባሕር የመጡ እናት ይፈልጉሻል» አለኝ። ወረድኩ። አዲስ ሱሪና ሸሚዝ በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሌሊቱን በአይሱዙ ተጭነው ነው የገቡት።

«ትናንት ማታ ዜና የተናገርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ድምፅሽን ለየሁት። የት አለ ታዲያ?»

«ማን?»

«ሞላ ነዋ! ልጄ! ተገኘ ብለሽ የለም?»

ልጃቸው ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። እኔ ያነበብኩት ግን አቶ ሞላ የሚባሉ ኃላፊ በእርዳታ ርክክብ ላይ መገኘታቸውን ነበር። የሴትዮዋ ሬዲዮ እየተንኮሻኮሸ ስሙንና ያችን ቃል ብቻ አድርሶላቸዋል።

«አንቱ ስትይው ገርሞኝ ነበር» አሉ። «ዘማች ስለሆነ አክብረውት ነው አልሁ።»

ሌላ ሰው መሆኑን፣ ስብሰባ ላይ የነበሩ ኃላፊ መሆናቸውን ነገርኳቸው።

«ምነው ታዲያ ተገኘ ትያለሽ? ጠፍቶ ነበር?»

ጋሽ በላቸውን ጠራኋቸው። ወርደው ከጥበቃው አግዳሚ ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጡ። የልጁን መልክ፣ ቁመቱን፣ የዘመተበትን ወራት ጠይቀው የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ጻፉ።

«በእሷው ድምፅ ይነገርልኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ሸጋ ነው፤ ቤት ሳለ ይሰማው ነበርና ይለየዋል።» ፌስታሉንም ትተውልን ሄዱ፤ ምናልባት ድምፄን ሰምቶ ወደ እኛ ከመጣ ብለው።

ያን ቀን ጋሽ በላቸው ሁላችንንም ሰበሰቡ። «ከዛሬ ጀምሮ ስብሰባ የገባ ሰው ተሳትፏል ይባል። ያችን ቃል ለጠፋ ሰው ተዉአት።» ከአንድ መሥሪያ ቤት «ኃላፊያችን ተሳታፊ ተባሉ» የሚል ቅሬታ መጣ። እሳቸው ግን ቃሏን ወደ ስብሰባ ዜና አልመለሷትም።

ማስታወቂያውን ለወራት አነበብኩት። የሌሎች ልጆች ወሬ ተሰማ፤ የአንዱን መገኘት ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። የሞላ ግን አልተሰማም። ጡረታ ስወጣ ፌስታሉን ለተተኪዬ አስረክቤ ወጣሁ።

አሁንም ማታ ማታ ዜና ሲጀምር ቤት ያለውን ሰው ዝም አሰኛለሁ። ማይክሮፎኑ አይናፍቀኝም። የሚናፍቀኝ ሳላነበው የቀረሁት አንድ መስመር ነው።

ለወጣት ዜና ጸሐፊዎች የምለው አጭር ነው። አንድን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት፣ ሰው እየጠበቀ ያለ ሰው ሲሰማው ምን ማለት እንደሚሆን አስቡ።