ድምፅ ያላወጣው ጸናጽል

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወረታ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ስማር። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ግን የሙያዬ ነገር በተነሳ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ እንባዬም ይመጣል።

ታላቅ ወንድሜ ዘለቀ የቁሐር ሚካኤል ዲያቆን ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተቆርጦ መጣ። እጁ የጎደለ ዲያቆን ቅዳሴ አይገባም። የቀረችለት ማኅሌት ብቻ ነበረች፤ እሷም በግራ መቋሚያ፣ በቀኝ ጸናጽል ትፈልጋለች። ያን የመሰለ ድምፅ ይዞ በበዓል ቀን ከሰው ኋላ ተደብቆ ሲቆም ሳየው አንጀቴን በላው።

እኔ የምመኘው ነርስ መሆን ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ ብስክሌት ሲጠግኑ፣ የፍሬኑ ሽቦ ሲሳብ ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው አየሁና ልቤ ዘለለ። አሮጌ ሽቦ ለምኜ ወሰድኩ። ከዋንዛ እጅ ጠረብኩ፤ ጣቶቹን በጠፍር አያያዝኩ፤ ሽቦውን ከዘለቀ ትከሻ ጋር አሰርኩት። ትከሻውን ሲገፋ ጣቶቹ ይጨብጣሉ። ቄሱ አባታችን እጁን እያገላበጡ፣ "ምን ጉድ ነው ይኸ? ሚካኤል ይጨመርበት እንጂ" አሉ።

ኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ወጥቶ ካህናቱ ለወረብ ሲቆሙ ዘለቀም ከመካከላቸው ገባ። የእንጨቱ እጅ ጸናጽሉን ጨበጠ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ከበሮው ተመታ። የሁሉም ጸናጽል ተንሿሿ፤ የእሱ ግን ዝም አለ። ለካ ጸናጽል የሚናገረው በእጅ አንጓ ነው፤ እኔ የሠራሁት አንጓ ደግሞ ድርቅ ያለ እንጨት ነበር። ክንዱን በኃይል ሲወዘውዝ አጠገቡ የቆሙትን መሪጌታ መታቸው። ሰው ሳቀ። ዘለቀ ቀስ ብሎ ወጣ።

"አባባ እንዳይሰሙ አታልቅሽ እታለም" አለኝ። "ይይዛል እኮ፤ አይናገርም እንጂ።"

"ለጥምቀት አንጓ እሠራልሃለሁ" አልኩት።

ዘለቀ ለጥምቀት አልደረሰም። ክረምት የተኛው ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ የምትመጣው ወባ ወሰደችው።

ያን አንጓ ስፈልግ ነርስነቱን ተውኩት። ሰው ሠራሽ አካል ከሚሠራበት ቤት ተቀጠርኩ፤ እያደር ወደ ሮቦት ገባሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሮቦት እጅ አንጓ ሲሳካልኝ የዘለቀን ጸናጽል አስጨበጥኩት። ተንሿሿ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ታሪኬን የሰሙ ሁሉ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" ይሉኛል። ድግሱ ለእኔ ሆነ፤ የተጣላው ግን ከዘለቀ ጋር ነው። እስከዛሬ አልተዋጠልኝም።