መርዶ ነጋሪ ሲታመም

ባለቤቴ ሬዲዮኔን የገብስ ጎታ ውስጥ ደብቃዋለች። የት እንደደበቀችው እንደማውቅ ታውቃለች፤ እኔም ማወቋን አውቃለሁ፤ ግን ሁለታችንም እንዳላወቀ ሆነናል። የጎታው አፍ ከፍ ያለ ነው፤ ቀኝ እጄ ደግሞ ከታመምኩ ወዲህ ከትከሻ በላይ አልወጣ ብሎኛል። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም።

"ሐኪሙ የሚያስደነግጥ ነገር አይስማ ብሏል" ትለኛለች በጠየቅኳት ቁጥር።

"ዜና ምኑ ያስደነግጣል? ጅብ ነው እንዴ?"

"ጅብስ በስንት ጣዕሙ። ጅብ ሲነጋ ይገባል። የአንተ ዜና ሲነጋ ነው የሚወጣው።"

ድሮ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ደም ግፊቴ የቆየ ነው፤ ጡረታ ሳልወጣ፣ እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ሳስተምር የጀመረኝ። ኪኒን ተሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ግን የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ፣ ኪኒኑ የሚዋጠው ከምግብ በኋላ፣ ጾም ሲሆን ደግሞ ምግቡ ራሱ ከቅዳሴ በኋላ። በዚህ ሁሉ መሀል የሚረሳው ኪኒኑ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ስነሳ አፌ ወደ ጎን ተጣሞ፣ እግሬ ይጎተታል። ባለቤቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አየኝና ምች ነው አለ። እኔም በዚያው በተጣመመ አፌ ምች ነው አልኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ሐኪሙ ስለ ምች ምንም አላለም፤ ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ሥር ተዘግቷል አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እግሬ ተመልሷል፤ አፌም ቀንቷል ማለት ይቻላል። ያልተመለሰው ምላሴ ነው። ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፤ የእኔ በስተርጅና አጥንት ያበቀለ ይመስላል።

ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ይሆን ይሆናል። እኔ ግን በምላሴ የኖርኩ ሰው ነኝ። በክፍል ውስጥ የኖርኩበትን እንተወውና፣ በሰፈራችን መርዶ የማረዳው እኔ ነበርኩ።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ዘመዱ ሩቅ አገር ሲሞትበት ወሬውን መጀመሪያ የሚሰማው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ይመካከራል። ባለ ሐዘኑ ታሞ እንደሆነ እስኪሻለው፣ አራስ እንደሆነች እስክትጠነክር ይደበቃል። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ነበር። ከሩቅ እጀምራለሁ፤ ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናቡ፣ የሰጠ እግዚአብሔር እንደሚወስድም አነሳለሁ። ሰውየው እንዲሁ ቀስ በቀስ ይገባዋል፤ "ሞተ" የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ እሱ ቀድሞ ደርሶባት ይጠብቀኛል።

ለዚህ የከፈልኩት ዋጋም አለ። በማለዳ ከቤቴ ስወጣ ያየኝ ሰው ሁሉ ክው ይላል። ሴቶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከሩቁ "ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ጥጃ ፈልጌ ነው" እያልኩ መሄድ ለመድኩ። አንድ ጊዜ እሳት ልጫር ብዬ በማለዳ የጎረቤት በር ባንኳኳ ባልየው ገና ሳይከፍት ማልቀስ ጀምሯል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሳትሞቅ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም፤ እሳት ከጠፋም ይጥፋ።

የሬዲዮን ዜና እየወደድኩት የምናደድበትም ለዚሁ ነው። በደህናው ጊዜ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አደርገዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ እየሞቁ ያዳምጣሉ። ዜናው ሲያልቅ እኔ እንደገና አወራላቸዋለሁ፤ ከጋዜጠኛው እኔን ነበር የሚያምኑት። እዚያ አገር ጎርፍ ይህን ያህል ሰው ወሰደ፣ እዚህ መኪና ተገልብጦ ይህን ያህል አለቀ፣ አሁን ወደ አየር ጠባይ እንሄዳለን ይላል ልጁ፣ በአንድ ትንፋሽ። "ምነው ጋቢህን እንኳ ብታዘቀዝቅ" እለው ነበር ሬዲዮኑን። እኛ ለአንድ ሰው ሞት ስንት ሽማግሌ እንሰበስባለን። ጎረቤቶቼ ይስቃሉ። ያ አጥር ላይ ያለው ሳቅ ይናፍቀኛል፤ አሁን ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንዴት አደሩ መምህር?" ብለው ይሄዳሉ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የእህቴ ነገር ነው።

አንድ እህት ነው ያለችኝ፤ ታላቄ ናት። እኔ ገና ትንሽ ሆኜ ገደሉን አሻግረው መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ወዲያ ዳሯት። በቅሎ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ ከኋላ እየሮጥኩ እንደተከተልኳትና አጎቴ በትከሻው ተሸክሞ እንደመለሰኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ጥምቀትን ተከትላ ስትመጣ ሎሚና በርበሬ ጭና ነበር የምትመጣው። ቤቱ በአንዴ ቆላ ቆላ ይሸታል። ሲመሽ ሁለት የበግ ጠጉር ባና ደርባ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ እሳቱ ላይ ልትወጣ ትደርሳለች።

"እናንተ እዚህ ብርድ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ምን አጥፍታችሁ ነው?" ትለናለች።

"አንቺስ ያን ሙቀት ምን አጥፍተሽ ነው?" እላታለሁ።

ስትመለስ ገብስና የበግ ጠጉር እንጭንላታለን። ያ ጊዜ ደግ ነበር። ደግ የነበረው ጊዜው ይሁን እኛ ወጣቶች ስለነበርን አላውቅም፤ ግን ደግ ነበር።

ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰንበት ከቅዳሴ ስትመለስ ትደውልልኛለች። ስልክ ላይ የምትናገረው በገደሉ ማዶ ሰው እንደምትጠራ ነው፤ ያለ ስልኩም የምትሰማ ይመስለኛል። ከታመምኩ በኋላ ግን አላናገርኳትም። እሷም ልቧን ያማታልና እንዳትሰማ ተባለ። ከሁሉም በላይ እንዳትሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ከሰማች ታውቃለች፤ ደግሞም በዚህ ምላስ እንድታውቀኝ አልፈለግሁም፤ አፈርኩ። ስለዚህ ስትደውል ባለቤቴ "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል"፣ "ለቅሶ ሄዷል"፣ "ጓሳ ሜዳ ሣሩን ሊያይ ወጥቷል" ትላታለች። የድምፅ ማጉያውን ትከፍተዋለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አፌን በጋቢዬ ይዤ አዳምጣለሁ። እህቴ ስለ ማሽላው፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ጉልበቷ ታወራለች። በመጨረሻ "ያን ዟሪ ሳሚልኝ" ብላ ትዘጋለች።

ኅዳር ገባና ሰንበት አለፈ፤ አልደወለችም። ሁለተኛውም አለፈ። ባለቤቴ ብትሞክር "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም" ይላታል ስልኩ። ኔትወርክ ነው አለችኝ። እኔ ግን ሙያዬ ነውና ፊቷን ማጥናት ጀመርኩ። እንጀራ ስታቀርብ፣ ከጎረቤት ስትንሾካሾክ አያለሁ። የታመመ ሰው እስኪሻለው ይደበቃል የሚለውን ሕግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሬዲዮኑን የደበቀች ሴት ሌላም ነገር አትደብቅም ያለው ማነው?

በዚህ መሀል ነው አንድ ማለዳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣ ደጅ ቆሜ ፊቴን ስታጠብ ውሻው የጮኸው። ቀና ስል የነፍስ አባቴ ከፊት፣ የእድሩ ዳኛና ሌሎች ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው በአጥሩ በር እየገቡ ነው። ጋቢያቸው ተዘቅዝቋል። አካሄዳቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ያስተማርኳቸው አካሄድ ነው።

የፈሩት ይደርሳል። እዚያው ውርጩ ላይ ተቀመጥኩ። "እትዬን" አልኩ። "እትዬን፣ እትዬን" እያልኩ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ከቤት ሮጣ ወጣች፤ እኔን አየች፣ እነሱን አየች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መምታት ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ደርቀው ቀሩ።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?" አሉ የነፍስ አባቴ።

"እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚነግሩኝ?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ? እኛ እኮ አንተን ልንወስድህ ነው የመጣነው።"

ነገሩ ይህ ነበር። ከእኛ ቤት በታች ያለችው ጎረቤታችን ወንድሟ ሩቅ አገር ሞቷል፤ ያን ጠዋት ሊያረዷት ነው። የእድሩ ዳኛ "ባትናገርም ግድ የለም፤ ከጎናችን ተቀመጥልን፤ ያለ አንተ ሄደን አናውቅም" አለኝ። ባለቤቴ እንባዋን ሳትጠርግ ተቆጣች፤ የታመመ ሰው ቤት በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ ይመጣል ወይ ብላ ለካህኑም አልተመለሰችም። እኔ ከመሬቱ ላይ ሳልነሳ ሳቄ መጣ። ሳቁና ለቅሶው ተቀላቀለብኝ። ኪኒኔን አምጥታ አፌ ውስጥ አደረገችው፤ ያን ቀን ሳልከራከር ዋጥኩ።

ሄድኩ። ዱላዬን ይዤ ከሁሉ ኋላ ነበርኩ፤ እንዲናገሩ የተወሰነው የነፍስ አባቴ ናቸው። ሴትየዋ በሩን ከፈተች፤ ካህኑን አለፈች፣ ዳኛውን አለፈች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

"እርስዎ ከታመሙ ወዲህ ከደጅዎ ወጥተው አያውቁም" አለችኝ። "ዛሬ ከወጡ ለእኔ ነው። ማንን ነው መምህር?"

ስለ አዝመራው ለማውራት ጊዜ አልነበረም። የነፍስ አባቴ ነገሯት። ስታለቅስ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "ዛሬ ነገ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ድምፁን ሳልሰማ።" ስንት ቤት ይህችኑ ቃል ሰምቻለሁ። "አይዞሽ" ብዬ አልፋት ነበር። ያን ጠዋት አላለፈችኝም።

ረፋዱ ላይ ቤት ገብቼ "ደውዪልኝ" አልኳት ባለቤቴን።

"ለማን?"

"ለእትዬ።"

ስለ ሐኪሙ ልታነሳ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። ደጋግማ ሞከረች። አልገባም፣ አልገባም፣ ከዚያ ጠራ። ስልኩን በግራ እጄ ያዝኩ።

"ሃሎ?" አለች እህቴ። ያ ገደል የሚያሻግር ድምፅ።

"እትዬ።"

ዝግ ብላ፣ "ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም።"

"በሥራ ቀን ደውለህ ማንም አልሞተም? ባለቤትህ ናት? ንገረኝ።"

"አጠገቤ ናት። አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው።"

"መብራት ጠፍቶ ስልኬ ተዘግቶ ነበር፤ የሚሞላልኝ አጥቼ። አትዙርብኝ። ማን ሞተ?"

ለቅሶዋ ሲመጣ ይሰማኛል። ከጎኗ ላለ ሰው "ወንድሜ ሊያረዳኝ ነው" ስትል ሰማሁ። ስንቱን ሳረዳ የኖርኩ ሰው የራሴን ነገር ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ። እንደ ልማዴ ከሩቅ ልነሳ ብዬ፣ "እትዬ፣ ዘንድሮ ገብሱ ደህና ነው፤ ዝናቡም..."

"ገብሱን ተወው። ይህን አነጋገርህን አገር ያውቀዋል።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ቆይ። አፍህ ምን ሆኗል?"

ባለቤቴ ስልኩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም።

"ታመህ ነው?"

"አዎ።"

"ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ ጓሳ ስትሉኝ የከረማችሁት?"

"አዎ። ምላሴ... ከብዶኝ ነው እትዬ። እንዳትሰሚኝ ብዬ ነው።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም።

"አንተ ሞኝ" አለችኝ። "ድሮስ ምላስህ ቀሎህ ያውቅ ነበር? አፍህን የፈታኸው ከሰው ልጅ ሁሉ ኋላ ነው። እናታችን ዲዳ ነው ብላ ያልወሰደችህ ጸበል የለም። እኔ ነኝ አዝዬህ ወንዝ ስወርድ 'ውሃ በል፣ ውሃ በል' ስልህ የከረምኩት። ማንም ሳይሰማ፣ ጀርባዬ ላይ ሆነህ ለእኔ ነው 'ውሃ' ያልከኝ። አሁን ከእኔ ነው የምታፍረው?"

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

"በል" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ ሳትጮህ። "ከታመምክበት ቀን ጀምረህ ንገረኝ። ቀስ በል፤ አልቸኩልም።"

ነገርኳት። ብዙ ቃል ወደቀብኝ። አንዱንም አላነሳችልኝም፤ እኔ እስካነሳው ጠበቀችኝ።