ቅቤ ቆላ ሲወርድ

የጭነት ሥራ የጀመርኩት ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወይዘሮ ፈለቀች ግቢ ውስጥ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጫኞች አለቃ የነበሩት አያ ገብሬ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ መጫኛ ወረወሩልኝና «እሰር» አሉኝ። አሰርኩ። በቅሎዋ አንዴ ብትርገፈገፍ ጆንያው ዞሮ ሆዷ ሥር ተንጠለጠለ።

«ጭነትህ ከበቅሎዋ ቀድሞ ውሃ ሊጠጣ ነው?» አሉኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ያላባረሩኝ ስለሳቅኩ ይመስለኛል።

በእኛ ሙያ ታች ያለው በቅሎ ነጂ ነው። ከእሱ በላይ ጫኝ፣ ከጫኝ በላይ የጫኝ አለቃ፣ ከሁሉም በላይ ባለ ንብረቱ። እኔና የሰበታው ልጅ በዳዳ ነጂም ጫኝም ነበርን። በዳዳ መጫን ብዙም አይችልበትም፤ ድምፁ ግን ለጉድ ነው። ዳገት ላይ በቅሎ ሲለግም እሱ ይዘፍናል፣ በቅሎውም ይሄዳል።

አንድ ጠዋት እሜቴ ፈለቀች ሦስታችንንም እልፍኝ አስገቡንና በሩን ዘጉት። ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ማርትሬዛ ብር ተቆልሏል። ያቺ የሩቅ አገር ንግሥት ከየጠገራው ላይ ታየናለች። ጣሊያን ብሩን አምጡና በወረቀት ሊሬ ለውጡ እያለ ነበር፤ ከአገር ይዞ ሲወጣ የተገኘ ወየውለት።

«ቤቴን ሸጬዋለሁ» አሉ እሜቴ። «ባሌ አየለ ልጆቼን ይዞ ጅቡቲ ከገባ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። ያለኝ ይኼ ነው። ይኼ ከተያዘ እኔም እታሰራለሁ፣ እነሱም እዚያ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ታደርሱኛላችሁ?»

አያ ገብሬ ጢማቸውን አሻሹና «ቅቤ ይገዛ» አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የላምባ ቆርቆሮ ይታጠባል። ብሩ በዳር በዳሩ ይደረደራል፤ መሐሉ ባዶ ይተዋል። ከዚያ የቀለጠ ቅቤ ይፈስበትና ሲያድር ይረጋል። መሐሉ የሚተወው ኬላ ላይ ፊናንሶች፣ የጣሊያን ቀረጥ ጠባቂዎች፣ ረጅም ሽቦ ስለሚሰኩ ነው። ሽቦው ቅቤ ብቻ ያገኛል። በልደታ ብርድ የረጋ ቅቤ እንደ ድንጋይ ነው። ቆርቆሮውን ብንነቀንቀው ትንፍሽ አላለም። በዳዳ በደስታ አያ ገብሬን አቅፎ ሊያነሳቸው ነበር።

የቅቤ ነጋዴ ሆነን በደጋው መንገድ ወጣን። በየኬላው ሽቦ ይገባል፣ ሽቦ ይወጣል፣ እኛ እንስቃለን። ድሬዳዋ ስንደርስ አንድ ግመል አከራይ ቆርቆሮዎቻችንን አይቶ «ቅቤ? ወደ ጅቡቲ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሽሙሩ አልገባንም። ግመሉን ስላልተከራየነው የተናደደ መስሎን በበቅሎዎቻችን እየተጀነንን አለፍነው።

ለካ የሳቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ሙቀት ስለሚያውቅ ነው። ድንበሩ ሲቃረብ ከፊት ያለችው በቅሎ «ቅጭል» አለች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም በአንድ ላይ ማቃጨል ጀመሩ። ቅቤው ቀልጦ፣ ብሩ ከዳር ዳሩ ተላቅቆ ቆርቆሮው ውስጥ ይዋኛል። የደጋ ሰዎች ነንና፤ ቅቤ ይቀልጣል ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም።

የኬላው ባንዲራ ይታያል። ወደ ኋላ ብንመለስ ይጠረጥሩናል። እሜቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ልጆቼን!» ብቻ አሉ።

አያ ገብሬ ዞር ብለው አዩን። «ይኼን ያህል የሚንጫጫ ሰርግ ብቻ ነው» አሉ። «እሜቴ፣ ይከናነቡ። ሙሽራ ነዎት።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ፊትዎን ማን ያያል?»

ነጠላውን እስከ አገጫቸው አወረድንላቸው። እኔ ሚዜ ሆኜ የበቅሎዋን ልጓም ያዝኩ። አያ ገብሬ የውሃውን ቆርቆሮ ከበሮ አደረጉት። በዳዳ በኦሮምኛም በአማርኛም አቀለጠው። እልል የምትል ሴት ስላልነበረችን እልልታውንም እሱው ደረበው። እሜቴ ይኼን ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ። አፋቸውን ቢያፍኑት ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

የጣሊያኑ ሹም ከጥላው ወጣና በአስተርጓሚው በኩል «ለምን ታለቅሳለች?» አለ።

«እናቷ ናፍቃት ነው» አሉ አያ ገብሬ።

«ከበቅሎዎቹ የሚንጠባጠበውስ?»

«የሙሽራ ቅቤ ነው፤ ለፀጉሯ» አልኩ እኔ።

«ይኼ ሁሉ ቆርቆሮ?»

«ፀጉሯ ረጅም ነው።»

የእሜቴ ትከሻ ባሰበት። ሹሙ ግን ለአስተርጓሚው ሽቦ ሰጠው። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ በሆዴ ባንዳ ብዬ ስረግመው ነበር። ወደ አንደኛው ቆርቆሮ ሽቦውን ሰደደ። ሰተት ብሎ ገባና እታች ቅጭል አለ። እጁ ቀጥ አለ። እኔ ልጓሙን ይዤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ረሳሁ። በዳዳ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል።

ሰውየው ሽቦውን አወጣና ቅቤውን በጣቱ ጠርጎ ፀጉሩን ተቀባ። ለሹሙ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው። ሹሙ ሳቀ፤ መንገዱን የዘጋው ግንድ ተነሳ። በአጠገቤ ሳልፍ አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ ድንበሩን እስክትሻገሩ ዘፈኑን አታቋርጡ፤ ብሩ ይሰማል» አለኝ። «ደግሞ ወንድ እልል አይልም።»

ስሙን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከተሻገርን በኋላ ዘፈኑን ማቆም አቃተን። ሳቅ፣ ዘፈን፣ እልልታ ተደበላልቆብን ጅቡቲ ድረስ ገባን። አበሾች ያሉበት ሰፈር ስንደርስ ሰው ሰርግ መጣ ብሎ ወጣ። ከሰዎቹ መሐል አቶ አየለ ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ይዘው ቆመዋል።

«ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

እሜቴ ነጠላውን ገለጡት።

አቶ አየለ የልጆቹን እጅ ለቀቁ። «ምነው ፈለቀች! እኔ ሳልሞት?»

ልጆቹ ከበቅሎዋ ሊያወርዷቸው እየተጋፉ እግራቸው ላይ ተጠመጠሙ። እሜቴ የዚያን ጊዜ የእውነት አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ሚዜ ነኝና ማንም አልታዘበኝም።

ዛሬ በመኪና ለምትጭኑ ልጆች የምነግራችሁ ይኼን ነው። ከመጫናችሁ በፊት የምታራግፉበትን አገር አየር ጠይቁ። ግመል አከራይ ሲስቅባችሁ ደግሞ ቁሙና ለምን እንደሳቀ ጠይቁት።